ከቃጭሉ ሥር የነበረችው

አንድ ሰው ነበረ፤ ፈረስ ጠባቂ። ማለዳ ማለዳ ከጋጣው ደጃፍ ጎንበስ ይልና የአንድ ዳማ ፈረስ እግር በጉልበቶቹ መሐል ይዞ፣ ከኮቴው ሥር የገባውን ጠጠር በቀጭን ብረት ይለቅማል። አራቱንም እግር እንዲሁ። ሲጨርስ የፈረሱን አንገት ቸብ ቸብ ያደርግና፣ «በል እንግዲህ፣ ጫማህ ተጠረገልህ» ይለዋል።

ይህ ሰው ውድድር ባለበት እሑድ ሁሉ ለማንም የማይገባ ነገር ያደርግ ነበር። ፈረሱን ለጋላቢው ካስረከበ በኋላ እንደ ሌሎቹ ጠባቂዎች ዓይኑን መነሻው ላይ አይተክልም። ፊቱን ወደ ሜዳው ማዶ አዙሮ ያዳምጣል።

ምን ያዳምጣል? ከመጨረሻው መስመር ጀርባ፣ ከአጥሩ ውጭ፣ አንድ የድርቆሽ ጋሪ ይቆማል። ጋሪውን በምትጎትተው ባዝራ አንገት ላይ ቃጭል አለ። የዚያን ቃጭል ድምፅ ሲሰማ ትከሻው ይረግባል። እስኪሰማ ድረስ ግን ምራቁን አይውጥም።

ወገኖቼ፣ ለምን ይመስላችኋል? የንጹሕ ዘር ፈረስ ጠባቂንና የድርቆሽ ጋሪን ምን አገናኛቸው?

ሰውየው ባልደራስ ዘርጋው ይባላል፤ የፈረስ ቤት አለቃ ነው። ዘመኑ በአዲስ አበባ መንገድ ጋሪ እንደ ልቡ የሚሄድበት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሕዝቡ ጃንሜዳ ወጥቶ የፈረስ እሽቅድምድም የሚያይበት ዘመን ነው። ዳማው ፈረስ ገስግስ ይባላል። ጌታው ደግሞ ግራዝማች ይርዳው ናቸው።

ግራዝማች ሁለት ነገር ይወዱ ነበር፤ ገስግስንና የገስግስን የዘር ሐረግ። የፈረሱ አባትና እናት ከባሕር ማዶ በመርከብ፣ ከጅቡቲ ወዲህ በባቡር የመጡ ናቸው። አብሯቸው አንድ ወረቀት መጣ፤ ሰባት ትውልድ የተጻፈበት ወረቀት። ግራዝማች በመስተዋት አስገብተው ከእንግዳ መቀበያቸው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ፊደሉ የፈረንጅ ነው፤ አያነቡትም። ግን አንዱን አስነብበው በቃላቸው ይዘውታል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ከዘራቸውን ያነሡና ከላይ ወደ ታች ይቆጥራሉ።

«ይኸ ቅድመ አያቱ ነው፤ በአገሩ ንጉሥ ፊት ሮጦ ያሸነፈ። ይቺ አያቱ ናት። አንድ ጠብታ የሌላ ደም የለበትም። አንድ ጠብታ!»

«ግራዝማች፣ የራስዎንስ የዘር ሐረግ እንዲህ ይቆጥሩታል?» አላቸው አንድ ቀን አንድ ቀልደኛ እንግዳ።

«የኔማ አራተኛው ላይ ስደርስ ይጠፋብኛል» አሉና ራሳቸው ሳቁ። በራሳቸው ይቀልዳሉ። በፈረሱ ግን ቀልድ አያውቁም።

እንግዲህ ሩጫውን ስሙ። ገስግስ በሦስት ዓመት ውስጥ አሥራ ሦስት ጊዜ ሮጠ፤ አሥራ አንዱን አሸነፈ። አሸናነፉም እንደ ሌላው ፈረስ አልነበረም። ሲነሡ ይዘገያል። እስከ ግማሹ ድረስ ከመሐል ሆኖ፣ የገበያ መንገደኛ መስሎ ይሮጣል። የመጨረሻውን መታጠፊያ ሲዞር ግን ሁለት ጆሮዎቹ ይቀሰራሉ፤ አንገቱ ይረዝማል፤ ከዚያ ወዲያ የሚይዘው የለም። ሕዝቡ «ደሙ ተነሣ! ደሙ ነው!» እያለ ይጮኻል።

ደሙ ነው? ይሁን። ታዲያ ሁለቱን ጊዜ ለምን ተሸነፈ? በእነዚያ ሁለት እሑዶች ደሙ የት ሄዶ ነበር?

ሐኪሙ ሳል ነው አለ። ጋላቢው ጭቃ ነው አለ። ግራዝማች «የሰው ዓይን ነው፤ በዓይናቸው በሉብኝ» አሉ። ዘርጋው ዝም አለ። ዝም ያለው ስለማያውቅ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገስግስ በተወለደ ዕለት እናቱ ሞተች። ወሩ ሰኔ ነው። ግራዝማች ለመንግሥት ሥራ ወደ ክፍለ ሀገር ሊሄዱ ጓዛቸው ተጭኗል። በቅሎ ላይ እንደ ተቀመጡ ትእዛዝ ሰጡ።

«የላም ወተት በጠርሙስ ይጠጣ። የአገር ባዝራ እንዳታስጠጋው፣ ዘርጋው! ጠባይ በወተት ይገባል። ከአገር ባዝራ የጠባ፣ ወረቀቱ ምንም ቢል የአገር ፈረስ ነው። ብትሽር ከደጄ ትወጣለህ።»

ውርንጭላው የላም ወተቱን እንቢ አለ። በግድ ቢግቱት አስቀመጠው። በሦስተኛው ቀን መቆም ተሳነው። ዘርጋው ጭቃው ላይ ተቀምጦ፣ ጭንቅላቱን ታፋው ላይ አሳርፎ፣ ጣቱን በወተት እየነከረ ያስልሰው ጀመር።

በዚያ ጠዋት ቢራቱ መጣ። ቢራቱ ከሱሉልታ ድርቆሽ የሚያመጣ ባለጋሪ ነው፤ ምላሱ ከጅራፉ የፈጠነ። በተዋሰው ፈረስ የሚጎተተውን ጋሪ ከደጃፉ ጭቃ ላይ አቁሞ ወደ ውስጥ አየ።

«ባልደራስ፣ ይኸ ነገር ፈረስ ነው ጥንቸል?»

«ተወኝ፣ ቢራቱ። እየሞተብኝ ነው።»

«የኔይቱም ትናንት የሞተ ወለደች። ያንተው እናት የለው፣ የኔይቱ ልጅ የላት። ታዲያ ጭቃ ላይ ቁጭ ብሎ ማልቀስ ምን አመጣው?»

ቦንቱ ትባላለች ባዝራይቱ። ባዝራ በጋሪ ማሰር ብዙም የተለመደ አልነበረም፤ ቢራቱ ግን «ወንዶቹ ዳገት ሲያዩ ጸሎት ይጀምራሉ፤ እሷ ትወጣለች» ይል ነበር።

ዘርጋው ትእዛዙን አሰበ። እንጀራውን አሰበ። ከዚያ የውርንጭላውን ትንፋሽ ሰማ።

«አምጣት» አለ።

አመጣት። እሷ ግን አልተቀበለችውም። አንዴ አሸተተችውና በኋላ እግሯ ልትመታው ቃጣች። ልጇ አይደለማ! ያን ጊዜ ቢራቱ አንድም ቃል ሳይናገር ወደ ቤቱ ሄደ። ጥጃ የሞተባት ላም ወተቷን እንዳትይዝ ላም አላቢ የሚያደርገውን ታውቃላችሁ፤ የጥጃውን ቆዳ ገፎ፣ ገለባ ሞልቶ ከፊቷ ያቆምላታል። ቢራቱም የሞተውን ውርንጭላ ቆዳ ገፎ አመጣ። በገስግስ ጀርባ ላይ አለበሱት፤ በሆዱ ሥር በገመድ አሰሩት። ከባሕር ማዶ የመጣ የሰባት ትውልድ ባለወረቀት፣ የጋሪ ፈረስ ልጅ ቆዳ ለብሶ ቆመ።

ቦንቱ ከጭንቅላቱ እስከ ጅራቱ አሸተተችው። ከዚያ ላሰችው። ከዚያ እግሯን ከፈተችለት።

ሦስት ወር አጠባችው። ክረምት ስለሆነ የድርቆሽ ሥራ የለም፤ ከኋላ ጋጣ ውስጥ አብረው ከረሙ። ስትንቀሳቀስ ቃጭሏ ይጮኻል፤ ቃጭሉ ሲጮኽ እሱ ይሮጣል። መስከረም ላይ ግራዝማች ሲመለሱ ቦንቱ ወደ ጋሪዋ ተመልሳ ነበር፤ ገስግስ ደግሞ እንደ ቅቤ የሚያበራ ውርንጭላ ሆኖ ጠበቃቸው።

«ይኸ ሁሉ በላም ወተት?» አሉ።

«አዎ፣ ጌታዬ። እንቁላልም ጨምሬበታለሁ።»

አያችሁ? አንዲት ውሸት ናት። ግራዝማች ግን ለእንግዶቻቸው ሲያወሩ እንቁላሉ በየዓመቱ ይበዛ ነበር፤ ስድስተኛው ዓመት ላይ በቀን አሥር ደርሷል።

የመጀመሪያው ውድድር ቀን ገስግስ ሰባተኛ ሆኖ ይሮጥ ነበር። ቢራቱ ባዶ ጋሪውን ይዞ በአጥሩ ጀርባ ሲያልፍ ቃጭሉ ጮኸ። ስድስቱን ፈረሶች ገስግስ እንዴት አድርጎ እንዳለፋቸው ጋላቢው ራሱ አላወቀም። ሕዝቡ ጨበጨበ። ዘርጋው ብቻ አላጨበጨበም፤ አፉን በእጁ ያዘ። ሰው ሁሉ ፈረሱ ወደ ዋንጫው የሮጠ መሰለው። እሱ የሮጠው ወደ እናቱ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቢራቱ ውድድር ባለ ቁጥር ከአጥሩ ጀርባ ይቆማል። «ልጄን ልየው» ይላል እየሳቀ። ሁለቱ የተሸነፈባቸው እሑዶችስ? አንዱ ቀን ቦንቱ እግሯን አሟት ነበር። ሌላው ቀን ቢራቱ ሱሉልታ ለቀብር ሄዶ ነበር። በቃ። ሳሉም፣ ጭቃውም፣ ዓይኑም ይኸው ነው።

ታዲያ ዓመት ለፈረስም ዓመት ነው። ቦንቱ አረጀች። አንድ ዓይኗ ጠፋ። ዳገቱ እምቢ አላት። የባለጋሪዎችን ልማድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ያረጀ ፈረስ አያርዱትም፣ አይቀብሩትም። ከከተማ ወጣ ያደርጉና ልጓሙን አውልቀው ይለቁታል። የቀረውን ጅብ ይጨርሰዋል።

ቢራቱ በዐቢይ ጾም መግቢያ ዘርጋውን ጠየቀው። «ባልደራስ፣ ከዚህ ሁሉ ጋጣ ለእሷ አንድ ጥግ የለህም?»

«ግራዝማች የማን ናት ቢሉኝ ምን እላለሁ?»

«እውነቱን ነዋ።»

«ከውድድሩ በኋላ እነግራቸዋለሁ።»

ውድድሩ አለፈ፤ አልነገረም። ቢራቱ በደብረ ዘይት ሰሞን ደግሞ ጠየቀ፤ «ከሚቀጥለው በኋላ» ተባለ። ለፋሲካ ሦስተኛ ጊዜ ጠየቀ። ዘርጋው ክፉ ሰው ሆኖ እንዳይመስላችሁ። ሥራውን ፈራ፤ ያችን አንዲት ውሸት ፈራ። አንዲት ቃል ከአፉ ብትወጣ ቦንቱ ትድን ነበር። ያቺ ቃል ናት ስድስት ዓመት ጉሮሮው ላይ የቆመችው።

ግንቦት ላይ ትልቁ ውድድር ደረሰ። ግራዝማች የክብር እንግዶቻቸውን ይዘው መጡ። ዘርጋው ገስግስን አስረክቦ እንደ ልማዱ ፊቱን ወደ ማዶ አዞረ። አዳመጠ። ቃጭሉ ጮኸ። ትከሻው ረገበ፤ ልቡ አረፈ። ሄዶ ግን አላየም።

ተነሡ። ገስግስ እንደ ልማዱ ዘገየ። መታጠፊያውን ሲዞር ጆሮዎቹ ተቀሰሩ። አራቱን አለፈ። ሦስቱን ጨመረ። ሕዝቡ ተነሥቶ ቆመ። ከፊቱ ማንም የለም። ሃያ እርምጃ ሲቀረው ግን ቀጥ ብሎ ቆመ!

ጋላቢው በአንገቱ ላይ አልፎ ሣሩ ላይ ወደቀ። ሌሎቹ ፈረሶች ግራና ቀኝ እየተከፈሉ አለፉ። ገስግስ አላያቸውም። ወደ አጥሩ ሄደ፤ አንገቱን አሻግሮ ቃጭሉ የታሰረበትን ፈረስ አሸተተ። ዳለቻ ሰንጋ ፈረስ ነው። አያውቀውም። ቃጭሉ የቦንቱ ነው፤ ከቃጭሉ ሥር ግን ቦንቱ የለችም። ያን ጊዜ ራሱን ወደ ላይ ቀና አድርጎ አሽካካ። ዘርጋው ስንት ዓመት ፈረስ ጠብቆ እንዲህ ያለ ማሽካካት ሰምቶ አያውቅም።

ሮጦ ደረሰ። «ቢራቱ! ቦንቱስ?»

ቢራቱ ዓይኑን ሰበረ። «ልጆች አሉኝ፣ ባልደራስ። ጋሪው ከቆመ ምድጃዬ ይቆማል። ሦስት ጊዜ ለመንኩህ።»

«የት አለች?»

«አልገደልኳትም፤ ለቀቅኳት እንጂ።»

«የት?»

«ከድንጋይ ካባው በላይ። ሐሙስ ዕለት።»

ግራዝማች ከዘራቸውን እያወዛወዙ፣ እንግዶቻቸውን አስከትለው ደረሱ። «ይኸ ፈረስ ምን ነካው? ዓይን ነው አይደለም? ዓይን ነው በለኝ!»

«ዓይን አይደለም፣ ጌታዬ። እናቱን አጥቶ ነው።»

«እናቱማ ሞታለች።»

«የወለደችው ሞታለች» አለ ዘርጋው። ከዚያም ጉሮሮው ላይ የቆመችው ቃል ወጣች። ሁሉንም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተናገረ፤ ቆዳውን፣ ሦስቱን ወር፣ ቃጭሉን።

ግራዝማች ከዘራቸውን አወረዱ። «የጋሪ ባዝራ?» አሉ። ቀጥለውም፣ «እንቁላሉስ?»

«እንቁላልም አልነበረም።»

ከኋላ አንድ ሰው በሳቅ ፈነዳ። ግራዝማች አልሳቁም። «ፈረሱን ጋጣ አስገባና ቁልፌን አስረክበኝ» ብለው ዞረው ሄዱ።

ዘርጋው ፈረሱን ወደ ጋጣ አላስገባም። ቃጭሉን ከዳለቻው አንገት ፈትቶ በእጁ ያዘ፤ ገስግስን በልጓም ስቦ ሽቅብ ወጣ። በየባሕር ዛፉ መሐል ቃጭሉን እየደወለ፣ እየቆመ፣ እያዳመጠ። ሦስት ሌሊት አልፏል። ምን ተስፋ አለው? ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ገስግስ ልጓሙን ከእጁ ነጥቆ ወደ ካባው ወረደ።

ቦንቱ እዚያ ነበረች። በተቦረቦረው ድንጋይ መሐል ኋላዋን ከቋጥኙ አጣብቃ፣ ራሷን ወደ ውጭ አድርጋ ቆማለች። ጅብ ከኋላ እንዳይመጣባት ነው። ታፋዋ ላይ የጥርስ ቁስል አለ። የፊት ኮቴዋ ላይ ደግሞ የደረቀ ደምና የጅብ ጠጉር ተጣብቋል። ገስግስ አንገቱን በአንገቷ ላይ ጣለ። እሷ፣ አንድ ዓይና፣ ከጭንቅላቱ እስከ ጅራቱ አሸተተችው፤ እንደ ያን ጊዜው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሦስቱ ከግራዝማች በር ደረሱ። ግራዝማች በሩ ላይ ቆመዋል።

«ቁልፌን አላልኩህም?»

ዘርጋው ቁልፉን በመዳፉ ዘረጋላቸው። «ይኸው፣ ጌታዬ። እሷን ግን ወደዚያ አልመልሳትም። እኔም ከእርሷ ጋር ደጅ አድራለሁ።»

ግራዝማች ቁልፉን አልተቀበሉም። ቦንቱን ዞሯት። ጋሪው የላጠውን ትከሻዋን በከዘራቸው ጫፍ ነካ አደረጉ።

«ስንት ዓመት ጎተተች?»

«አሥራ አራት ዓመት። ከሱሉልታ ደርሶ መልስ።»

«ዳገቱን?»

«ዳገቱን፣ ከነድርቆሹ። መንገድ ላይ ቆማ አታውቅም ይላል ቢራቱ።»

ከዘራቸውን ከትከሻዋ አነሡ። «ጠባይ በወተት ይገባል ብዬህ ነበር» አሉ።

«ብለውኛል።»

«ታዲያ ገባ?»

«ገባ፣ ጌታዬ። ሌሎቹ ሲደክማቸው እሱ የሚጀምረው ከየት አምጥቶት ይመስልዎታል?»

ግራዝማች የተዘረጋውን መዳፍ መልሰው አጠፉት። «ቁልፉን ያዝ። ቁስሏን እጠብላት። ክረምት እየመጣ ነው፤ ደጅ አትተዋት።»

ቦንቱ ሁለት ክረምት ኖረች። ገስግስ ከዚያ ወዲያ አንድ ጊዜ ብቻ ሮጠ፤ ሦስተኛ ወጣ፤ ግራዝማችም «ይበቃዋል» አሉ። ከእንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ ግን አንድ ነገር ተለወጠ። ከሰባቱ ትውልድ በታች አንዲት ቁራጭ ወረቀት ተለጠፈች። በግራዝማች እጅ፣ በአማርኛ፣ «ያጠባችው ቦንቱ፣ የቢራቱ» ይላል። ከዚያ ሁሉ ስም ውስጥ ራሳቸው ማንበብ የሚችሉት የእሷን ብቻ ነበር።

ወገኖቼ፣ ባልደራስ ዘርጋውን ባለፈው ጥቅምት ቀበርነው። ቃጭሉ እስከ መጨረሻዋ ቀን ከራስጌው ተሰቅሎ ነበር። ይህን ታሪክ ሲያወራ ግራዝማችን አይወቅስም፤ ቢራቱንም አይወቅስም ነበር። ሁልጊዜ አንዲት ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይሰበር ነበር። «ቃጭሉን ሰምቼ ልቤ አረፈ» ይል ነበር። «ሄጄ አላየሁም።»

እናንተስ? እኔስ? ስማችንን ከእነ አባታችን፣ ከእነ አያታችን እንቆጥራለን። በዚያ ቆጠራ ውስጥ የሌለ ማን ነው ያጠባን? ፊደል ያስቆጠረችሽ አክስት የት ናት? ሥራ ያስተማረህ፣ ዛሬ እጁ የሚንቀጠቀጠው ሰውዬ የት ነው? በጭንቅሽ ዕለት በሯን የከፈተችልሽ ጎረቤት ማን ይጠይቃታል? የጌታችንን የትውልድ ሐረግ የጻፈው እንኳ ሌላው ሊደብቃቸው የሚችላቸውን ሴቶች ስም አልደበቀም። እኛ ለምን እንደብቃለን?

የሞተውን ልጅ ቆዳ ለብሶ ወደ ጡቷ የቀረበውንም አትርሱት። እኛ ማንን ለብሰን ነው ወደ አባታችን የቀረብነው? ይህን ቤታችሁ ገብታችሁ፣ በራችሁን ዘግታችሁ አስቡት።

ቃጭሉማ ይጮኻል፤ ዓውደ ዓመት ሲመጣ «እንዴት ናችሁ» እንላለን፤ «ደህና ናት አሉ» እንላለን። ድምፁን ሰምተን ልባችን ያርፋል። ከቃጭሉ ሥር ማን እንዳለ ግን ሄደን አናይም። ሲጠይቁንም መልስ አለን። አልገደልናትም እኮ። ለቀቅናት እንጂ።

ወገኖቼ፣ ሐሙስ የለቀቅናትን ዛሬ እሑድ ፍለጋ እንውጣ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም።